የመምህር ቫርጊስ ብልቃጥ

ቫርጊስ ብልቃጧን ከለስላሳ ጠርሙሶች መሐል አውጥቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አደረጋት። ውሃ የመሰለው መድኃኒት ከግማሽ በታች ወርዷል። ውጭ የሚያዝያ ዝናብ የኡስማንን ሱቅ ቆርቆሮ ይደበድባል። ከአዲስ አበባ የሚመጣው አውቶቡስ፣ ጎርፍ ከአፖስቶ ወዲህ ያለውን ድልድይ ከወሰደው ጀምሮ ዲላ ደርሶ አያውቅም።

«እስከ መቼ ያደርስዎታል?» አለች የኡስማን ሚስት ሀዲጃ፣ የመርፌውን ዕቃ ከፈላበት ድስት በማንኪያ እያወጣች።

«ከቆጠብኩ እስከ ሐሙስ።»

«ይቆጥባሉ እንጂ! እስከዚያ ድልድዩ ባይሠራ እንኳ ሰው በግንድም ቢሆን ይሻገራል።»

ቫርጊስ ከወትሮው አሳንሶ ቀዳና ጭኑን ወጋ። ዲላ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ሊያስተምር ከደቡብ ህንድ፣ ከከራላ ከመጣ አራተኛ ዓመቱን ይዟል። በመጣ በመጀመሪያው ወር ክፍል ውስጥ ራሱን ስቶ ሲወድቅ፣ ተማሪዎቹ በበር ሳንቃ ተሸክመው ያደረሱት ለትምህርት ቤቱ ቅርብ ወደሆነው ወደዚህ ሱቅ ነበር። ሀዲጃ ማን እንደሆነ እንኳ ሳትጠይቅ ከንፈሩን በስኳር ውሃ አራሰችለት። ከዚያ ቀን ወዲህ የስኳር በሽታ መድኃኒቱ የሚያድረው በእሷ የላምባ ፍሪጅ ውስጥ ነው። ላምባውን የምትሞላው፣ ክሩን የምታስተካክለው፣ መርፌውን የምትቀቅለው እሷ ናት። ስሙ በአገሩ ቋንቋ ጊዮርጊስ ማለት እንደሆነ የሰማች ዕለት «ታዲያ ምን አስቸገረን!» ብላ ጋሽ ጊዮርጊስ አለችው። ከተማውም ተከተላት።

ቂጣውን በልቶ ሳይጨርስ የጤና ጣቢያው ድሬሰር ኃይለኢየሱስ በዝናብ በስብሶ ገባ። ባርኔጣውን አውልቆ እንኳን አልተቀመጠም።

«ጋሽ ጊዮርጊስ፣ ከወናጎ በላይ ካለው ተራራ አንዲት ልጅ በቃሬዛ አምጥተዋል። ሽንቷን ፈትሻለሁ፤ የጡብ ቀለም ነው ያወጣው፤ ስኳሩ ሞልቷል። ትንፋሿ እንደ በሰበሰ ፍሬ ይሸታል።» ለቫርጊስ ከዚህ በላይ ማብራራት አላስፈለገውም። «እኛ ጋ መድኃኒቱ የለም፤ ኖሮም አያውቅ። ይርጋለም ሆስፒታል እንዳልልካት መንገዱ ተቆርጧል።»

«እና?» አለች ሀዲጃ።

«እናማ መድኃኒቱ የእሳቸው ነው። ይስጡ ማለት አልችልም። ሳልነግራቸው ብቀር ግን ነገ ፊታቸውን ማየት ያቅተኛል።»

ሀዲጃ በፍሪጁና በቫርጊስ መካከል ቆመች። «ልጅቷ አባት አላት፣ ዘመድ አላት። እሳቸው እዚህ ማን አላቸው?» አለች። ለእሱ ፈርታ እንጂ ክፋት አልነበረም።

ቫርጊስ በጎኗ አልፎ ፍሪጁን ከፈተ። አዲስ አበባ ያለው ሐኪሙ፣ ማላያ ውስጥ በጎማ እርሻ ላይ የሚሠሩ ህንዶችን ያከመ እንግሊዛዊ፣ አንድ ቀን ሳይሸሽግ የነገረው ትዝ አለው፤ «የእናንተ ሰው ቀጭን ሆኖም አይቀርለትም። ስኳርና ልብ ሌላው ሰው ገና ጎልማሳ በሚባልበት ዕድሜ ይቀጥፉታል።» ቫርጊስ ይህን ለማወቅ ሐኪም አላስፈለገውም። አባቱ ሽበት ሳያወጣ ሞቷል። ታላቅ ወንድሙ ፊልፖስ የጎማ ዛፍ እየበጣ የሚያድር የቀን ሠራተኛ ነበር። ውሃ እየጠጣ ሳይረካ፣ እየበላ እየከሳ፣ በአንድ ዝናባማ ሳምንት ውስጥ አለቀ። መድኃኒቱ ያኔም ነበረ፤ ከተማ ውስጥ፣ ለእርሻው ሥራ አስኪያጅና ለመሰሎቹ። ቫርጊስን በሽታው የያዘው ተምሮ ደመወዝተኛ ከሆነ በኋላ ስለሆነ ተረፈ። ሁለቱ ወንድማማቾች ሕመሙን ከአንድ አባት እኩል ወረሱ፤ መድኃኒቱን ግን እኩል አልተካፈሉም።

ብልቃጧን ተመለከተ። የእሱ ናት ይባላል እንጂ፣ እሱ ጋ የምትደርሰው የአውቶቡሱ ሾፌር ከወንበሩ ሥር በእርጥብ ከረጢት ጠቅልሎ ስላመጣት ነው። ሀዲጃ የፍሪጁን እሳት አንድም ቀን ስላላስጠፋች ነው። እነዚያ ልጆች በሳንቃ ስለተሸከሙት ነው። በዚህ አገር በእግሩ የቆመው በሰው እጅ ነው።

«እርጥብ ጨርቅ ስጠኝ» አላት ሀዲጃን። ከመጣ ጀምሮ ወንድና ሴት ያልለየው አማርኛው ሌላ ጊዜ ያስቃት ነበር። አሁን ግን አልሳቀችም። ጨርቁን ነከረች፣ ብልቃጧን ጠቀለለች፣ በላዩ የእንሰት ቅጠል ደረበችና በሁለት እጇ ሰጠችው።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ልጅቷ፣ ሙሉካ፣ አልጋው ላይ ተዘርግታለች። ዐሥራ ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው። ዓይኗ ወደ ውስጥ ሰምጧል፤ ከሩቅ ሮጦ እንደመጣ ሰው በጥልቀት ትተነፍሳለች። አባቷ ፈለቀ እግርጌዋ ቆሟል። ከካቦርቱ ውሃ ይንጠባጠባል።

«ውሃ ይጠጣል፣ ይጠጣል፣ አይረካም» አለ ስለ ልጁ፣ የእሱም አማርኛ እንደ ቫርጊስ ወንድና ሴት እያምታታ። «ሥጋው አለቀ። ጎረቤት ቡዳ ነው አለ። እኔ እንቢ አልኩ፣ ተሸከምኩ፣ አመጣሁ።»

«ደግ አደረግህ» አለው ቫርጊስ።

ኃይለኢየሱስ የጨው ውሃውን አንጠልጥሎ ክንዷ ላይ ሰካ። ስለ መጠኑ ከቫርጊስ ጋር ተማከረና የመጀመሪያውን መርፌ ወጋት። ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ድሬሰሩ በየመሐሉ ሽንቷን ስኳር ከሚለየው ሰማያዊ ፈሳሽ ጋር ቀላቅሎ በአልኮል መብራት ያፈላል፤ ሁለቱም አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። ጡብ። እንደገና ወጋት። ጡብ። ብልቃጧ በቀነሰች ቁጥር ቫርጊስ ሐሙስ ወደ ረቡዕ፣ ረቡዕ ወደ ማክሰኞ ሲቀርብበት ይታወቀው ነበር፤ ፈርቶም ነበር። አንድ ጊዜ ወጥቶ በረንዳው ላይ ቆመና ዝናቡን እያየ በአገሩ ቋንቋ ጸለየ። ለመነ ከማለት አመሰገነ ማለት ይቀላል፤ ስለ ሳንቃው፣ ስለ ስኳር ውሃው፣ ፊልፖስ ሲሞት ባዶ የነበረው እጁ ዛሬ ባዶ ስላለመሆኑ።

ከሰዓት በኋላ ፈሳሹ ብርቱካን መሰለ፤ ቆይቶም አረንጓዴ ሆነ። ትንፋሿ ረጋ። ፀሐይ ለመጥለቅ ስትቃረብ ሙሉካ ዓይኗን ገልጣ በጌዴኦኛ አንድ ነገር አለች፤ ፈለቀ ሳቅና ለቅሶ ባንዴ ያዘው።

«ላሟ ታልቧል ወይ ይላል!»

ወደ ቫርጊስ ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን ሊስም ሲል ቫርጊስ ትከሻውን ይዞ ቀና አደረገው። ሰውየው በቆመበት ሁለት እጁን ወደ ጣሪያው ዘረጋ። «ማገኖ ይስጥህ» አለ። አባቶቹ የሰማዩን አምላክ የሚጠሩበት ስም ነው። «ማገኖ ዕድሜ ይጨምርልህ። አሁን ዳነ፣ አይደለም? ወደ ቤት እወስዳለሁ?»

ኃይለኢየሱስ ከሙሉካ ወደ አባቷ ዞረ። «ጋሽ ፈለቀ፣ ይህ በሽታ ይታገሣል እንጂ አይለቅም። መርፌው በየቀኑ ነው።»

«እስከ መቼ?»

«ዕድሜ ልክ።»

የፈለቀ እጆች ቀስ ብለው ወረዱ። ቡናው በዓመት አንዴ ይለቀማል፤ እንሰቱ ለመድረስ ዓመታት ይፈልጋል። በየቀኑ የሚደርስ ነገር ምን አለው? ልጁን አየ፤ ቀድሞ የሞተች ያህል አያት።

ቫርጊስ ጠጋ አለ። «እኔም አለኝ» አለው። «ይኸው በሽታ። አሥራ አንድ ዓመት።»

ፈለቀ ከጫማው እስከ ፀጉሩ መረመረው። «ሰው ከዚህ ጋር ይኖራል?»

 ፊልፖስ አልኖረም፤ ቫርጊስ ይህን መደበቅ አልፈለገም። «መድኃኒቱ የደረሰው ይኖራል» አለ። «አውቶቡሱ ሲመጣ ለሾፌሩ እነግራለሁ። ከእንግዲህ ሁለት ብልቃጥ ያመጣል።»

«ውልዎ አልቆ ወደ አገርዎ ሲገቡስ?» አለ ኃይለኢየሱስ በዝቅታ።

«አላውቅም። ገና ሁለት ዓመት አለን። እስከዚያ ከጤና ጥበቃም ከይርጋለምም እንለምናለን።»

በሩ ተከፈተና ሀዲጃ ጥላዋን እያራገፈች ገባች፤ ለቫርጊስ ቂጣና እርጎ፣ ለልጅቷ ቀጭን አጥሚት ይዛለች። «ሲመሽ ምግብ ሳይበሉ ሊወድቁ ነው?» ብላ እሱን ተቆጣች። ከዚያ ሙሉካን አየቻት። አልጋው ጫፍ ተቀመጠች፣ የልጅቷን ራስ በክንዷ አቀፈች፣ አጥሚቱን በማንኪያ ታጎርሳት ጀመር። ፈለቀ ሀዲጃንም ህንዱንም አማራውን ድሬሰርም በየተራ አየና መሬት ላይ ቁጭ አለ። 

የቫርጊስ የማታ መርፌ ሰዓት ደረሰ። ተነስቶ ወደ ጓዳ ሊገባ ሲል ሙሉካ አባቷን አንድ ነገር ጠየቀች።

«ያማል ወይ ይላል» አለ ፈለቀ።

ቫርጊስ የጓዳው በር ላይ ቆመ። ከዚያ ተመልሶ በርጩማ ላይ ተቀመጠና ሱሪውን ጠቀለለ። የጭኑ ቆዳ በመርፌ ብዛት ደድሮ ጠቋቁሯል። ሌላ ጊዜ ለማንም አያሳየውም። ትንሽ ቀዳ፣ ቆዳውን በሁለት ጣት ያዘ፣ ወጋ።

ፈለቀ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሙሉካ ግን አላዞረችም። መርፌው ገብቶ እስኪወጣ ዓይኗን ሳትነቅል አየች፤ ከዚያ ከብርድ ልብሱ ሥር የቀጠነ እጇን አወጣችና መዳፏን ከፍታ ዘረጋችለት፤ ጥቂት ቃላትም ተናገረች።

አባቷ ከግድግዳው ዞረ። «እንዴት እንደሚያዝ አሳየኝ ይላል።»

ቫርጊስ መርፌውን ነቅሎ ባዶውን ሲሪንጅ መዳፏ ላይ አኖረላትና በርጩማውን ወደ አልጋዋ አስጠጋ።