ሐኪሙ የተናገረው ሁሉ

ፕሮግራም ሠሪዋ ይህን ሥራ የጀመረችው በታላቅ ወንድሟ ምክንያት ነው። ወንድሟ አናጢ ነበር፤ ሕፃን ሳለ ትኩሳት ይዞት መስማት ተሳነው፤ በቤቱ የምልክት ቋንቋ በደንብ የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። ሐኪም ቤት ሲሄድ ከቤተሰቡ አንድ ሰው አብሮት ይሄዳል። ሐኪሙ ረዘም አድርጎ ያወራል፤ አብሮት የሄደው ሰው አውራ ጣቱን ቀስሮ «ደህና ነህ» ይለዋል። በቃ።

ለሆስፒታሉ የሠራችው ፕሮግራም ነርሶችና ሐኪሞች ለታካሚ መረጃ ሲጽፉ ከባዱ ቃል ሥር በቀይ ያሰምርና ቀላል ምትክ ያቀርባል። የተጻፈውንም ለማያይ በድምፅ፣ ለማይሰማ በምልክት ቋንቋ ቪዲዮ ያዘጋጃል። የመጀመሪያው ሞካሪ ወንድሟ ነበር። ፀጉሩ ላይ የእንጨት ብናኝ እንደያዘ ይመጣና ያልገባውን ሁሉ ያሳያታል። አንድ ቀን «በአፍ የሚወሰድ» የሚለውን አይቶ ወደ ጆሮው እያመለከተ፣ «በዚህም ይሞከር፤ እሱ እንደሆነ ሥራ ፈቶ ነው የተቀመጠው» ብሎ አብራቸው የምትሠራውን ነርስ በሳቅ ገደላት።

ከዚያ መክሳት ጀመረ። የምርመራው ውጤት ሲደርስ እናቱና እህቱ ሐኪሙ ዘንድ ይዘውት ገቡ። ሐኪሙ ካንሰሩ ከጉበቱ አልፎ እንደተሰራጨ፣ ሕመሙን ማስታገስ እንጂ ማዳን እንደማይቻል ተናገረ። ወንድምየው መሃላቸው ተቀምጦ የሐኪሙን ከንፈር ያያል። እህቱ ልታስረዳው እጇን ስታነሳ እናቲቱ ሁለቱንም እጆቿን ጭምቅ አድርጋ ያዘቻቸው።

«የጨጓራ ቁስለት ነው በይው» አለቻት። «ልጄን ቆሞ እየሄደ አትግደዪብኝ።»

እሷም የእናቷን ቃል መተላለፍ አቅቷት እንደተባለችው ነገረችው። ወንድሟ ራሱን ነቀነቀ። ኮሪደሩ ላይ ሲደርሱ ግን ትከሻዋን ይዞ አቆማት።

«ሐኪሙ ብዙ ተናገረ፤ አንቺ ትንሽ ነገርሽኝ» አላት በእጁ። «አባታችን የሞተ ጊዜም እንዲሁ ነበር። ያን ሁሉ የምትሠሪው ለማን ነው?»

እናቷን ኮሪደሩ ላይ አስቀመጠቻት። እሱን ይዛ ወደ ነርሷ ክፍል ሄደች። ነርሷ ውጤቱን እያየች ጻፈች፤ ፕሮግራሙም ሁልጊዜ እንደሚያደርገው ታካሚው ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግ ጠየቀ። ወንድሟ ራሱ «ሁሉንም» የሚለውን ነካ። ቪዲዮውን እስከ መጨረሻው አየ፤ መልሶ ከፈተውና እንደገና አየ። ወራት ሙሉ ገብቶህ እንደሆነ ንገረን ሲሉት የኖሩትን አሁን ሳይጠይቁት ነገራቸው።

«ገብቶኛል» አለ። ከዚያ የእህቱን እንባ በሸሚዙ እጅጌ ጠረገላት።

ቤት እንደገቡ እናቱ ፊት ተንበረከከ። ጉልበቷን ነካ አድርጎ በእጁ ማውራት ጀመረ። እህቱ በር ላይ ቆማ የምታየው ጀርባውን ብቻ ነበር። እናቲቱ እንዳወቀ ገባት መሰል፣ ዓይኗን ጨፈነች። ጠበቃት፤ አልገለጠችም። ጉንጯን ዳሰሳት፤ ይበልጥ ጨፈነች። እጆቹ አየር ላይ ጥቂት ቆይተው ጭኑ ላይ ወደቁ። ከዚያ በኋላ አልደገመውም፤ እህቱ ምን ሊላት እንደነበር ስትጠይቀውም «ያልኩት የእሷ ነው» ብቻ አላት። እናቲቱም እስከ መጨረሻው ሾርባ በማንኪያ ታጎርሰዋለች፣ ታጥበዋለች፣ ትራሱን ታስተካክላለች፤ እጁን ግን አታይም።

ሞተ። ፕሮግራሙ በሆስፒታሉ ሥራ ላይ ዋለ፤ ነርሶቹ ያመሰግናሉ፤ እሷ ምስጋናውን ጎንበስ ብላ ታሳልፈዋለች።

ለቅሶ ደራሹ የቀለለ ሰሞን እናቲቱ ወደ ሴት ልጇ ክፍል ገብታ የምትሠራበት ጠረጴዛ አጠገብ ቆመች።

«ዓይኔን ሳልጨፍን በፊት ጥቂት አይቻለሁ» አለች። የደረቁ ጣቶቿን አንስታ አንድ ምልክት ሠራች፤ ቀጥላ ሌላ። «ምን ማለቱ ነው?»

ልጅቱ አስደገመቻት። የመጀመሪያው ግልጽ ነው። ሁለተኛው ግን በእነዚያ ጣቶች «አትፍሪ»ም ሊሆን ይችላል፣ «ይቅር በይኝ»ም፣ ምንም ያልሆነም። የሚያጽናናውን መርጣ ልትነግራት አፏን ከፈተች፤ አልሆነላትም።

«የመጀመሪያው ‹እማዬ› ነው» አለቻት። «ሌላውን አላውቅም።»

እናቲቱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እጇን አንስታ «እማዬ» አለች፤ እንደገናም «እማዬ»፤ ከዚያ የሚቀጥለውን እየፈለገች ጣቶቿን ማየት ያዘች።