ግሌን ማድረቂያ የጠገነ ሰሞን

ኮሪን ስታል የባሏን ታላቅ ወንድም መናቅ የጀመረችው በመሣሪያ ሳጥኑ ነው። የግሌን ሳጥን ቀይ ነው፣ ያብለጨልጫል፣ አንድ ጭረት የለበትም። የሠራ ሰው ሳጥን እንዲህ አያምርም።

እሷ በሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታ ጡረታ ወጥታለች። ስምንት ትልልቅ ማድረቂያ ሲያጓራባት ስለኖረ፣ የታመመውን ከድምፁ ትለያለች። ለግሌን ግን እሷ አንሶላ ስታጥፍ የኖረች ሴት ናት፤ በቃ።

በጥር አጋማሽ፣ በረዶው የጓሮውን አጥር ሊውጥ ሲል፣ ምድር ቤት ያለው በጋዝ የሚሠራ ማድረቂያ ልብሱን እያሽከረከረ እርጥቡን ይመልስ ጀመር። ባሏ ሌስተር እሷን ሳይጠይቅ ወንድሙን ጠራ። ሌስተር ስልሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ እስካሁን ግሌን ዝናብ ነው ካለው ጃንጥላ ይዘረጋል።

ግሌን በረዶ የሚያንጠባጥብ ጫማውን ሳያወልቅ ምንጣፏ ላይ አልፎ ወረደ። ማሽኑን ከግድግዳው ጎትቶ አወጣና ፊውዙ ተቃጥሏል ብሎ ፈረደ። ፊውዝ ተገዛ፣ ተቀየረ፣ ልብሱም እርጥብ ሆኖ ወጣ። በማግስቱ ደግሞ ማቀጣጠያው ሞቷል አለ። ኮሪን ግን በሆዷ ተኝታ በማሽኑ ታችኛው ቀዳዳ አይታ ነበር።

«ማቀጣጠያውማ እንደ ፍም ይቀላል፣ ግሌን» አለችው። «መጀመሪያ እሳቱም ይያያዛል። አንዴ ነዶ ከጠፋ በኋላ ነው፣ ቀልቶ ቀልቶ ጋዙ የማይመጣለት። የጋዙን በር የሚከፍቱት ጥቅል ሽቦዎች ሲሞቁ እየደከሙ ነው።»

«ኮሪንዬ፣ ይሄ ጋዝ ነው እንጂ አንሶላ አይደለም» አላት ቀና ሳይል። «ይልቅ የሚበላ ነገር ብታመጪልን።»

ሌስተር የገዛ ጫማውን አየ። እሷም ዳቦ በአሳማ ሥጋ አመጣችላቸው፤ ምን ታድርግ።

አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የተባለው ለግሌን ነው። ደህናውን ማቀጣጠያ ሲያወጣ ሰበረው፣ አዲስ ገጠመ፣ ማሽኑም እንደ ቀድሞው አንዴ ነዶ ዝም አለ። ያኔ እጁን ጠራረገና ይሄ ዕቃ አርጅቷል፣ አዲስ ግዙ ብሎ ሌስተርን ሊያስመርጠው ወደ ሱቅ ይዞት ሄደ።

መኪናቸው ከመንገዱ ሳትታጠፍ ኮሪን ካፖርቷን ለብሳ ነበር። የመለዋወጫ ሻጩ ሽማግሌ ሁለቱን ጥቅል ሽቦዎች ሰጣት እንጂ ለማን እንደሆነ አልጠየቃትም። ቤት ገብታ ጋዙን ዘጋች፣ ሶኬቱን ነቀለች፣ ሁለት ብሎን ፈትታ ሽቦዎቹን ቀየረች። ጋዙን መልሳ ስትከፍት፣ ማሽኑ ስለተጎተተ፣ የጋዝ ቱቦውን መጋጠሚያ በሳሙና ውሃ ቀባችው። አረፋው መፍላት ጀመረ።

ግሌን አላጠበቀውም ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ቤቷ ውስጥ ጋዝ ሲያፈስ ከርሟል፤ እነሱም ከላዩ ተኝተዋል። እስከዚያች ሰዓት ንቀቷ ያስቃት ነበር። አሁን ግን ተነሥታ መስኮቱን በረገደች። መጋጠሚያውን በቁልፍ አጥብቃ ደግማ ቀባችው፤ አረፋ የለም። ከዚያ በቀዳዳው እያየች ተቀመጠች። እሳቱ ተያያዘ፣ ጠፋ፣ ደግሞ ተያያዘ፣ ለሦስተኛም ጊዜ ተያያዘ።

ሌስተር ማሽን ሳይገዛ ሲመለስ ሁሉንም ነገረችው። ሰምቶ ምድር ቤት ወረደና መጋጠሚያውን አየው።

እሁድ በቤተ ክርስቲያኑ ምሳ ላይ፣ ግሌን ማሽኑ መሥራቱን ሰምቶ ኖሮ፣ እንዴት እንዳዳነው ያወራ ጀመር። አዲሱ ማቀጣጠያ እስኪለምድ ጊዜ ፈልጎ ነው አለ። ከፊቱ የተቀመጠችው ባል የሞተባት ቬልማ የእሷም ማድረቂያ አልሞቅ እንዳለ ስትነግረው፣ ማክሰኞ እመጣለሁ አላት።

ኮሪን ስለ ራሷ ቢሆን ዝም ባለች ነበር፤ የቂል ወሬ በነፃ መስማትም ደስታ አለው። ግን አረፋው ታያት።

«ቬልማ፣ ይህን ሰው ጋዝ አታስነኪው» አለች።

ግሌን ሳቀና ወደ ወንድሙ ዞረ። «ሚስትህ ደግሞ መሐንዲስ ሆነችልህ?»

ሌስተር ሹካውን አስቀመጠ። «የሠራችው እሷ ናት። አንተ የተውከው መጋጠሚያ ጋዝ ያፈስ ነበር። ሳትገድለን የቀረኸው በእሷ ነው።»

ግሌን ኬኩ በጣም ይጣፍጣል፣ አይስማማኝም ብሎ ኮቱን ፈልጎ ወጣ። ሰዎች ኮሪን የምትኮራ መስሏቸው አዩዋት። እሷ ግን ባሏን እያየች፣ ይህችን ለማለት አርባ አንድ ዓመት ፈጀብህ ትል ነበር በሆዷ። ቢሆንም ቡናውን ቀዳችለት።

ሰኞ ጠዋት ቬልማ ቤት ሄዱ። ጣጣው ቀላል ነበር፤ የማሽኑ የአየር ማስወጫ ቱቦ ውስጥ ወፍ ጎጆ ሠርታበት ኖሯል። ኮሪን ጭራሮውን በእጇ እየጎተተች ስታወጣ፣ ሌስተር አጠገቧ ተንበርክኮ ባትሪ ያበራላት ነበር። ከፍ አድርግ ስትለው ከፍ፣ ዝቅ ስትለው ዝቅ ያደርግ ነበር።