የዘገየው «ተቀመጡ»

ለጸሐይወርቅ ሽማግሌ ሊላክ ነው ሲባል ካርቱም፣ ጀሪፍ ሰፈር ያለ ሐበሻ በሙሉ ሰማ። ልጁ ጥዑመልሳን ይባላል፣ ኦምዱርማን ገበያ የስልክ ዕቃ ይሸጣል፣ መልኩም ጠባዩም የሚያስጠላ አይደለም። ጸሐይ ደግሞ ሠላሳ ልትደፍን ነው፤ በሰፈሩ አፍ ይሄ «ቆማ ቀረች» ማለት ነው። ይሄኛው ከተበላሸ ሌላ እንደማይመጣ እሷም፣ እናቷ እቴቴ ወለተማርያምም፣ ጎረቤትም ያውቃል።

ችግሩ አባትየው ናቸው። ጋሽ አስፋው ገዳሪፍ፣ የሰሊጥ እርሻ ላይ ነው የሚሠሩት። ኢቃማቸው፣ የመኖሪያ ፈቃዳቸው፣ ጊዜው አልፎ ከተቃጠለ ቆይቷል፤ ኬላ ላይ ቢያዙ ያው አገር ቤት መወርወር ነው። ያለ አባት ደግሞ ሽማግሌ አይሰማም። ሲባል ሲባል «በቃ በቪዲዮ ይሁን» ተባለ። ዋናው ሽማግሌ አቶ ወልደሥላሴ «ስልክ ፊት ቆሜ ልለምን?» ብለው ትንሽ አኮረፉ፣ ኋላ እሺ አሉ።

ማህሌት እዚህ ላይ ነው የምትገባው። የጋሽ አስፋው የሟች እህታቸው ልጅ ናት፤ ካርቱም ተወልዳ እነሱው ቤት ያደገች፣ አማርኛዋ ግማሹ ዐረብኛ። የቤቱን ዋይፋይ የገጠመችውም የምትጠብቀውም እሷ ናት። ኔት ሲጠፋ «ማሂ የኔ ቆንጆ» ትባላለች፣ ሲመጣ ደግሞ ትረሳለች።

ረቡዕ ዕለት ጸሐይ ጓደኞቿ መሃል ተቀምጣ ሹሩባ ስትሠራ ጠራቻት።

«ኔቱ እንዴት ነው? ለዓርብ ይበቃል?»

«አሁን ኩወይስ፣ ጥሩ ነው። ግን አሁን መለካት ፋይዳ የለውም፣ የሚጠቀም የለማ። ቤቱ ሰው ሲሞላ ነው ማየት።»

«ፍጥነቱ ስንት ነው? እሱን ንገሪኝ።»

«ፍጥነቱን ኸሊ፣ ተይው። ለማውራት ዋናው ፒንጉ ነው፤ ቃልሽ ሄዶ እስኪመለስ የሚፈጅበት። አስፋልቱ የፈለገ ሰፊ ይሁን፣ ጡብ የጫነ ሎሪ ፊት ከገባ ትንሿ ታክሲ አምጃዷ ከኋላ ቆማ ትቀራለች፣ ሙሽ፣ አይደል? አንድ ሰው ቪዲዮ ልላክ ካለ ያ ሎሪው ነው። እና ዓርብ ለእንግዳ ፓስወርድ አንስጥ።»

ጸሐይ በመስታወቱ ውስጥ ጓደኞቿን አየቻቸው። «የሸሃዳ ፈተና የወደቀችው ተነሥታ አስተማሪ ሆነችልን።»

ሳቁ ቤቱን ሞላው። ሹሩባ የምትሠራዋ ሳትቀር ማበጠሪያውን አስቀምጣ ነው የሳቀችው። እቴቴ ከጓሮ ሆነው «እንግዳ ውሃና ኔት ይከለከላል እንዴ? ነውር አይደለም?» አሉ፤ የፓስወርዱ ነገር በዚያው ተዘጋ።

«ስሚ» አለች ጸሐይ ሳቁ ጋብ ሲል። «ዓርብ ስልኩን ታቆሚና ወጥ ቤት ትገቢያለሽ። ሽማግሌዎቹ ፊት አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ። ይቺ አማርኛሽ በአንድ እግሯ ነው የምትቆመው፤ የወደቀ ልጅ አንሥተው አሳደጉ ይሉናል።»

ማህሌት «ጠይብ፣ እሺ» አለች። እሷ ብዙ ሲሰማት ነው ትንሽ የምታወራው።

ዓርብ ከሰዓት መጡ። ሦስት ሽማግሌዎች፣ ደንቡ ባይሆንም ደግሞ የልጁ እህት እፀገነት። ካርቱም ነዋ፣ ደንብ ማን ይጠብቃል። እፀገነት ከበር ሳትገባ ፓስወርድ ጠየቀች፣ እቴቴም ደስ ብሏቸው ሰጧት። ጥግ ሆና ስልኳን ወደ ሽማግሌዎቹ አዞረችና ፌስቡክ ላይቭ ገባች፤ ዘመድ አዝማድ ይይ ብላ ነው፣ ክፋት የላትም።

ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ቆሟል፣ ጋሽ አስፋው የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሰው ውስጡ አሉ። ሽማግሌዎቹ ፊት ለፊቱ ቆመዋል። ደንቡ ይታወቃል፦ የልጅቷ አባት «ተቀመጡ» ካላለ ሽማግሌ አይቀመጥም፣ ውሃም አይቀምስም።

«ጤና ይስጥልኝ፣ አቶ አስፋው» አሉ አቶ ወልደሥላሴ። «ጫማችን አቧራ ሳይነካው ገዳሪፍ ገባን። ድሮ ቢሆን በቅሎ ይሞትበት ነበር።»

ዝም። ጋሽ አስፋው ዓይናቸውን አፍጥጠው ያያሉ።

ቀልዱ ወደቀ። አቶ ወልደሥላሴ ጉልበታቸው ታማሚ ነው፤ አንዱን እግር አሳርፈው ጠበቁ። አሁንም ዝም። በቃ ልቀጥል ብለው አፋቸውን ሲከፍቱ ከስልኩ «እንደምን ዋላ...» የሚል ወጣ። ሁለቱም ቆሙ። ሁለቱም ጠበቁ። ደግሞ ሁለቱም እኩል ጀመሩ። በሽማግሌ አፍ ላይ መግባት ትንሽ ነገር አይደለም።

ማህሌት ወጥ ቤት ሆና ስልኳ ላይ ፒንጉን ከፍታለች። ሌላ ቀን አርባ ምናምን የሚለው ሰባት ሺህ፣ ስምንት ሺህ እያለ ይወጣል። ስምንት ሰኮንድ ማለት ነው። በመጋረጃው ስንጥቅ የእፀገነትን ስልክ አየችው፤ ሎሪው እሱ ነው። ራውተሩ ውስጥ ገብታ ያቺን አንዲት ስልክ ብትቆርጣት በቃ።

ጸሐይ በአዲስ ቀሚሷ ጎኗ ቆማለች። «ማሂዬ፣ አባዬ ምን ሆኖ ነው ዝም የሚለው? ኔቱ ነው? አስተካክይው፣ በማርያም።»

«እያየሁት ነው» አለች ማህሌት። ጣቷን ስክሪኑ ላይ ወዲያ ወዲህ አንሸራተተች። ምንም አልነካችም።

ሳሎን አቶ ወልደሥላሴ ቀልዳቸው ያልተሰማ መስሏቸው በቅሎዋን ደግመው አነሡ፣ ከዚያ ወደ ጉዳዩ ገቡ። «የመጣንበት ጉዳይ ይታወቃል። ልጃችን ጥዑመልሳን ጨዋ ነው፣ ሠርቶ አዳሪ ነው። እናቱን፣ የኔን እህት፣ ገና በልጅነቱ እዚሁ ማዮ ሰፈር በገዛ እጁ አፈር አልብሶ...»

ይሄኔ ጋሽ አስፋው ሳቁ። ከት ብለው፣ ሆዳቸውን ይዘው ነው የሳቁት። የበቅሎዋ ቀልድ ገና መድረሷ ነበር።

እፀገነት እጇ ወረደ፣ ላይቩን ዘግታ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችውና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እናቷ ናቸዋ የተሳቀባቸው።

አንዱ ሽማግሌ «እንውጣ» አለ። አቶ ወልደሥላሴ ግን ጨዋ ናቸው፤ «ቆይ» አሉ። «በሰው ላይ ከመፍረዳችን በፊት ጥፋቱ የዚህ ማሽን ሊሆን ይችላል። የሚያውቅ የለም እዚህ ቤት?»

«ማህሌት» ብለው ተጣሩ እቴቴ። «ማህሌት፣ ነይ ንገሪያቸው።»

ጸሐይ ከኋላዋ ክንዷን ጨበጥ አድርጋ ለቀቀቻት። ማህሌት ወጣች፣ እጅ ነሣች፣ ፒንጉን እንደ አዲስ ሽማግሌው ዓይን ሥር ለካችው። ላይቩ ከተዘጋ ወዲህ አርባ ሦስት ሆኗል። ደግማ ለካች። አርባ አንድ።

«ይዩት፣ አባባ» አለች። «ቁጥሩ ባነሰ መጠን ጥሩ ነው። ሃምሳ እንኳን አልሞላም። መስመሩ ምንም እንከን የለበትም።»

አንድም የዐረብኛ ቃል አልገባባትም። እንዲህ አማርኛ ስታወራ ቤቱ ሰምቶ አያውቅም።

አቶ ወልደሥላሴ ባርኔጣቸውን አነሡ። ጋሽ አስፋው ከስልኩ ውስጥ «ምነው፣ ተቀመጡ እንጂ፣ ተቀመጡ» ይላሉ፤ አሁን ድምፃቸው ሳይዘገይ ጥርት ብሎ ይሰማል። ሽማግሌዎቹ ጀርባቸውን ሰጥተዋቸው ወጡ። እፀገነት በሩ ላይ ዞር አለችና ለእቴቴ «እግዜር ይስጥልን» አለቻቸው፤ ከእርግማን ይከፋ ነበር።

የዚያን ዕለት እቴቴ ባላቸው ላይ ያላወረዱት የለም። ጋሽ አስፋው በታቦት ማሉ፣ በልጃቸው ማሉ፣ ማን ይስማቸው። ጸሐይ አልጮኸችም። ቀሚሱን ሳታወልቅ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«እውነት ኔቱ አልነበረም?»

«ቁጥሩን እኮ ራሳቸው አዩት።»

«ስለዚህ አባዬ ነው።»

ማህሌት ትከሻዋን ሰበቀች። ጸሐይ ስልኳን አነሣችና የአባቷን ቁጥር ብሎክ አደረገች።

ትንሽ ቆይቶ ማህሌት ስልክ ላይ ተደወለ። ጋሽ አስፋው ናቸው፣ ሲያለቅሱ እንደቆዩ ያስታውቃል።

«ማህሌት ልጄ፣ እነሱ አያነሡልኝም። አንቺ ንገሪኝ፣ ምን አጠፋሁ?»

ወደ ግቢው ወጣች፣ በሩን ከኋላዋ ገጠም አደረገችው።

«ምንም አላጠፉም፣ ጋሼ። ኔቱ ነው። ስምንት ሰኮንድ ይዘገይ ነበር፤ እርስዎ የሳቁት በቀልዱ ነው፣ እነሱ ጋ የደረሰው ግን ስለ ሟቿ ሲያወሩ ነው።»

እፎይታቸው እስከ ጀሪፍ ተሰማ። «ተመስገን። ተመስገን አምላኬ። በይ እንግዲያው አሁኑኑ ግቢና ንገሪያቸው። ለጸሐይም ለሽማግሌዎቹም። ትነግሪያቸዋለሽ አይደል፣ የኔ ልጅ?»

«ኢንሻአላህ» አለች ማህሌት፣ እና ዘጋችው።