የሐሙስ ውሃ

በውሃ መሥሪያ ቤቱ ያሉ ወንዶች «ወንፊት» ይሏታል፤ ቀኑን ሙሉ የኮምፒውተር ትእዛዝ በቀዳዳ በሚጻፍባቸው ካርዶች ላይ አቀርቅራ ስለምትውል። ኮምፒውተሩ አንድ ክፍል ሙሉ የሚይዝበት ዘመን ነበር፤ እሱን ማዘዝ የምታውቅም እሷ ብቻ ነበረች። የላይኛውን አገር ዝናብ ተቀብሎ ወንዙ ታች መቼና ምን ያህል እንደሚሞላ የሚናገር ፕሮግራም ለመሥራት አራት ዓመት ፈጀባት። ትዳር እያመለጣት መሆኑን እንኳ ልብ አላለችም፤ ልብ ያሉላት እናቷ ነበሩ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ማተሚያው ውጤቱን አወጣ፦ ሐሙስ ረፋድ ላይ ውሃው ከታችኛው ሰፈር ድልድይ በላይ ሁለት ሜትር። ሦስት ጊዜ ደገመችው፤ ያው ነው። ወረቀቱን ይዛ ኃላፊው ዘንድ ገባች።

«ይህን ያለው ማነው? ማሽኑ ነው ወይስ አንቺ?» አሏት።

«እኔ ነኝ። ማሽኑ ያዘዝኩትን ነው የሚያሰላው።»

«እንግዲያው የእጅ ሒሳቡ ይምጣ። በአንቺ ቀዳዳ ወረቀት ሰፈር አላስለቅቅም።»

የእጅ ሒሳቡ የሚያልቀው ዓርብ ነበር። ሐሳባቸውን ይቀይሩ ይሆናል ብላ እስከ ሥራ መውጫ በራቸው ላይ ተቀመጠች። አልቀየሩም።

ረቡዕ በአውቶቡስ ወደ ታችኛው ሰፈር ወረደች። ታናሽ ወንድሟ ወንዙ ዳር ብስክሌት ይጠግናል። ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ወንዙም ከቁርጭምጭሚት አያልፍም።

«እትዬ፣ ኮምፒውተርሽ ጠጥቷል እንዴ?» ብሎ ሳቀ። «በዚህ ፀሐይ?»

«ዝናቡ ያለው ላይኛው አገር ነው። እባክህ ልጆቹን ስጠኝ።»

ሚስቱ የእህትየውን ፊት አየችና ለልጆቹ ጫማ አጥልቃ አብራት ለመሄድ ተነሳች። እሱ ግን የሰው ብስክሌት በትኜ አልሄድም አለ፤ ነገ ከሰዓት ባለቤቶቹ ሲወስዱ ይከተላል። የጎረቤቱን ሁሉ በር አንኳኳች። ገሚሱ ጆሮ ዳባ ልበስ አላት፣ ገሚሱ ማኅተም ያለው ደብዳቤ ጠየቃት። ደብዳቤ አልነበራትም።

ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ ውሃው መጣ። ወንድሟ የተገኘው በሦስተኛው ቀን ነው።

ከቀብሩ በኋላ ኃላፊው አስጠሯት። «ውጤቱ ከጎርፉ በኋላ እንደደረሰን ፈርሚልኝ። አንቺም እድገት አለሽ።»

«ማክሰኞ ነው የሰጠሁዎት።»

«ማን አየ?»

አልፈረመችም። በሳምንቱ መዝገብ ቤት ተመደበች። ፕሮግራሙ ያለ እሷ ሠራ፤ በሌሎች ወንዞች ዳር ሰው በጊዜ ወጣ፤ የተሸለሙት ኃላፊው ናቸው።

የወንድሟ ሚስትና ልጆቹ እሷው ቤት ቀሩ። ሚስትየው አንድም ቀን ወቅሳት አታውቅም። በዓመቱ ግን አንድ ከሰዓት ልብስ እያጠፈች፣ ቀና ሳትል ጠየቀቻት።

«ማክሰኞ ካወቅሽ፣ ለምን ረቡዕ መጣሽ?»

«ፈቃድ ስጠብቅ» አለች።

ሚስትየው የልጁን ሸሚዝ አጠፈች፣ ሌላም አነሳች። ልጆቹ እስኪያድጉ አብረው ኖሩ፤ ያን ነገር ግን ዳግም አላነሱትም።