ፋንታዬን የከለከልኋት እሳት

የቤንዚን ሽታ ከዕቃው ከወጣ በኋላ እስከ የት ይሄዳል? ይኼን የሚመልስልኝ ሰው አጣሁ። ቄስ ገብረ ሚካኤልን ብጠይቃቸው «እኔ የማውቀው የዕጣኑን ነው» ብለው ሳቁብኝ። በጀሪካን የሚቸረችረውን ጎረምሳ ብጠይቀው «ምነው እማማ፣ ሲጋራ ጀመሩ እንዴ?» አለኝ። ዛሬም መልሱን አላውቀውም። የማውቀው በዘጠና ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ ነሐሴ ላይ፣ ደባርቅ በቤቴ የሆነውን ነው።

የልጅ ልጄ ላቀው ከፈረንጆች ጋር ጨነቅ እስከሚባለው የተራራ ሰፈር ድረስ እየወጣ በወጥ ቤትነት ይሠራል። ክረምት ሲገባ ፈረንጅ ይቀራል፤ እሱም ድንኳኑንና የመኝታ ከረጢቱን አጥቦ ለመስከረም ያዘጋጃል። ሻማ የፈሰሰበትን፣ ቅባት የነካውን የሚያሸው በቤንዚን ነው። ቤንዚኑን ፈረንጆቹ ለምድጃቸው ይዘውት መጥተው ሲመለሱ የተዉለት ነው። ቀለም የለውም፤ ላየው ሰው ውሃ ነው። ይኼንን በሃይላንድ ገልብጦ ከአልጋ ሥር አልደረደረውም! ልጁ ሊድያ ደግሞ ገና መዳህ መጀመሯ ነው። በሐሳቤ ስንት ጊዜ ጠጥታው ሞተች፣ ስንት ጊዜ አለቀስሁ። ጨቅጭቄ ጨቅጭቄ ቆጥ ላይ አሰቀልሁት። ጭንቀቴ ያበቃ መስሎኝ ነበር።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ጉሙ መንደሩን ዋጠው፤ ቀጥሎ በረዶ ወረደ። ላቀው ደጅ ሲያሸው የነበረውን ከረጢት እየጎተተ ገባና በሩን ዘጋ። ቤንዚኑን በጎድጓዳ ሳህን ቀድቶ ወለሉ ላይ ማሸቱን ቀጠለ። ሚስቱ እሌኒ ገበያ ሄዳለች። እኔ መደቡ ላይ ተቀምጬ ምስር እለቅማለሁ። ራሴን ወጋ ወጋ አደረገኝ። ቁርበት ላይ የተኛችው ሊድያ መነጫነጭ ጀመረች።

ላነሣት ጎንበስ ስል ሽታው ፊቴን በጥፊ መታኝ። ቀና አልሁ፤ ቀለለኝ። ደግሜ ጎንበስ አልሁ። እንደገና መታኝ። ለካስ ሽታው ወደ ላይ አይወጣም! እንደ ውሃ ወለል ለወለል ነው የሚተኛ። የእኛ ወለል ደግሞ ወደ ምድጃው ያዘነብላል። ልጅቱን አቅፌ ቆምሁ።

«ላቀው፣ ተው። እሳት አለ።»

«የት አለ? ጧት አንቺው አይደለሽ እንዴ ያዳፈንሽው?»

«አዳፈንሁት እንጂ አጠፋሁት?»

«እምዬ ደግሞ! አመድ ለብሶ የተኛ እሳት ምን ይሠራል? አሁን እኮ ተነሥቶ እጅ አይነሣሽም!»

እኛ አገር እንዲህ ነው። እሳት በአመድ ከተቀበረ ለሁሉም የሌለ ያህል ነው፤ ልጅ አጠገቡ ይተኛል፣ እህል አጠገቡ ይሰጣል። እኔም ዕድሜዬን ሙሉ እንዲሁ ነው የኖርሁ። ግን አራተኛ ክፍል ድረስ ተምሬያለሁ፤ ደግሞም ከትምህርቱ ይልቅ ፍርሃቴ ነው ያስተማረኝ።

«እስቲ ልጠይቅህ» አልሁት። «ጨነቅ ላይ የፈረንጆቹን ምድጃ ድንኳን ውስጥ ትለኩሰዋለህ?»

«አይ፣ ክልክል ነው። ውጭ ነው።»

«በረዶ ቢጥልስ?»

«ቢጥልም።»

«ለምን?»

እጁ ቆመ። ሳህኑን አየ፣ ምድጃውን አየ።

በዚህ መሐል በሩ ተንኳኳ። «ቤቶች! እሳት ልጭር መጣሁ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ፋንታዬ ናት።

ፋንታዬ ጎረቤቴ ናት፤ በልጅነቷ ከበየዳ ተድራ የመጣች። ገና እንደመጣች ሰው ዓይኗን ፈራው። የማንም ልጅ ቢያስለው በእሷ ይሳበብ ነበር፤ እሳት የሚሰጣትም አልነበረም። እኔ ግን በዚያው ሰሞን «ነይና ከእኔ ቤት ጫሪ» አልኋት። ከዚያ ወዲህ ክብሪት ቢኖራትም ባይኖራትም ፍም የምትወስድበትን ገሏን ይዛ ትመጣለች። መንደሩም ከእኔ ከአረጋሽ ቤት እሳት ስትወጣ እያየ አፉን ዘጋ።

«አትግቢ! እዚያው ቁሚ!» ብዬ ጮህሁ። እሷ ግን ከበረዶው ሸሽታ ገብታ ኖሯል። በእጇ ገሏን ይዛ፣ ነጠላዋን እያራገፈች፣ እንደ ልማዷ ቀጥ ብላ ወደ ምድጃው።

ቀድሜያት ከምድጃው ፊት ቆምሁ። አመዱን ገልጣ እፍ ካለችበት አለቅን።

«ዛሬ እሳት የለም፣ ፋንታዬ።»

ሳቀች። «እታለም፣ ከመቼ ወዲህ ነው ያንቺ እሳት የሚጠፋ? ዞር በይ፣ ወጤ ሳይበስል መሸብኝ።»

«ቤቱን ቤንዚን ሞልቶታል። ሽታው ይነድዳል።»

«ሽታ ነው የሚነድ? ትናንትም እኮ ሸቶኝ ነበር፤ ጭሬ ሄጄ የለ?»

እውነቷን ነው። ትናንት እግዜር ነው ያተረፈን። ይኼን ልነግራት አፌን ስከፍት ዓይኗ ክንዴ ላይ ካለችው ሊድያ ላይ አረፈ። እኔም ሳላስበው ልጅቱን ወደ ደረቴ ጥብቅ አደረግኋት። ጀርባዬ ወደ እሳቱ፣ ክንዴ ሕፃኗ ላይ። ፋንታዬ ሳቋ ከፊቷ ላይ ጠፋ።

«ለልጅቱ ነው?» አለች ቀስ ብላ።

«ለልጅቱ ነው፣ ግን አንቺ እንዳሰብሽው አይደለም! ላቀው፣ ንገራት እንጂ!»

ላቀው ያን ጊዜ ገባው። «እውነቷን ነው፣ እትዬ ፋንታዬ፣ ይፈነዳል» እያለ ሳህኑን አንሥቶ ሮጠ፤ ከረጢቱንም በበረዶው ላይ ጣለው፤ ተመልሶ የጓሮውን በር በረገደው። እኔም «አመዱን እንዳትነካው፣ ውሃም እንዳትደፋበት፣ ረመጡ ይገለጣል፤ ቆጡ ላይ ያለውንም አውጣ!» እያልሁ እጮሃለሁ። ብርዱ ቤቱን ሞላው። ፋንታዬ ግን እኔን ብቻ ነው የምታየው። ጎረምሳ የአያቱን ነውር ሲሸፍን የምታይ መሰላት መሰለኝ።

እሳቱን ልሰጣት እችል ነበር። አንዲት ፍም ናት። አንድ ጊዜ እፍ ብትልበት ምንም ላይሆን ይችል ነበር፤ እሷም እንደ ወትሮዋ ስቃ ትሄድ ነበር። ይኼን ሁሉ አስቤ ከቦታዬ ንቅንቅ አላልሁም። አኩርፋኝ መቃብር ትውረድ፣ እኔም አኩርፌ ልውረድ፣ ይቺ ልጅ ግን አትቃጠልም።

«ነገ ነይ» አልኋት። «ቤቱ ይናፈስና ነገ ራሴ እጭርልሻለሁ። ለዛሬ ይኼን ያዢ።» ከመደቡ ራስጌ የክብሪት ፓኮ አንሥቼ መዳፏ ላይ አኖርሁላት።

ክብሪቱን አየችው። ምስሩ አጠገብ፣ መደቡ ላይ መልሳ አስቀመጠችው። ነጠላዋን ተከናነበች። ባዶ ገሏን ይዛ በተከፈተው በር ወጥታ ሄደች።