ሞተሩ እስኪበርድ

መኪና ነፍስ አለው የሚሉ ሰዎች ያናድዱኛል። መኪና ብረት ነው፤ ናፍጣ ይጠጣል፣ ጭስ ያወጣል፣ ሲብስበት ይቆማል። የአባቴ መኪና ደግሞ ከሁሉ አብልጦ መቆም ይወድ ነበር። ሰፈሩ ያወጣለት ስም «ሽማግሌው» ነው። ግራጫ፣ ከኋላው ሰፊ መጫኛ ያለው፣ ሜዳ ላይ ሲሄድ የተከበረ፣ ዳገት ሲያይ ግን «ወገቤን» የሚል ዓይነት ነበር። ዛሬ ስለሱ ማውራት ስጀምር ልጆቼ እርስ በርስ እየተያዩ ይሳሳቃሉ፤ «እማዬ ደግሞ ጀመራት» ይላሉ። ይሳቁ። የናፈቀኝ ብረቱ እንዳልሆነ አንድ ቀን ይገባቸዋል።

እናቴ የሞተችው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ልገባ ስል ነው። ከቀብር የመጣው ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ተመለሰና እኔና አባቴ ብቻ ቀረን። አባቴ ዱሮም ዝምተኛ ነው። «ዝም አይነቅዝም» የምትለዋን ተረት ይወዳታል፤ እሷንም ቢሆን በስንት ጊዜ አንዴ ነው የሚናገራት። እናቴ እያለች ዝምታው አይታወቅም ነበር፤ እሷ የሁለታቸውንም ድርሻ ታወራ ነበርና። ከሞተች በኋላ ግን ቤታችን ውስጥ የሚሰማው የማንኪያ ድምፅና የቧንቧው ጠብታ ሆነ። ሰዎች ዝምተኛ ሰው ጨዋ ነው እያሉ ሲያመሰግኑ እኔ አልስማማም። ከዝምተኛ ሰው ጋር ፊት ለፊት ተቀምጠው እራት በልተው አያውቁማ።

ቤታችን ዳገቱ አናት ላይ ነው። ትምህርት ቤቱ፣ አባቴ ሸቀጥ የሚያመላልስላቸው ሱቆች፣ የአክስቴም ቤት፣ ሁሉም ከታች ሜዳው ላይ ናቸው። ሽማግሌው ዳገቱን ስለማይወጣ የሚያድረው አክስቴ ግቢ ነበር፤ አባቴም ማታ ማታ በእግሩ ወደ ቤት ይወጣ ነበር። አክስቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናት፣ ልብስ ሰፊ። ትምህርት ሊከፈት ሲል እያለከለከች ዳገቱን ወጥታ መጣችና፣ ሜትሯን ከአንገቷ ላይ ሳታወርድ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ልጅቷን እኔ ጋ እወስዳታለሁ» አለችው። «በዝናብ፣ በጭቃ፣ ማታ ማታ ይሄን አቀበት በእግሯ ልትወጣው ነው? ያንተ ሽማግሌ እንደሆነ እንኳን ሰው ጭኖ ባዶውንም አይወጣ።»

አባቴ ወለሉን ያያል።

«ደግሞስ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ሴት ልጅ የሚያናግራት ሰው ትፈልጋለች። አንተ ለሰላምታም ትሰስታለህ።»

እኔ በሩ ጥግ ቆሜያለሁ። አክስቴን እወዳታለሁ፤ ቤቷ ሳቅና ጨዋታ የሞላበት ነው። ነገር ግን ከእኛ ቤት ከወጣሁ እናቴን ሁለተኛ ጊዜ የምቀብራት፣ አባቴንም እዚያው ከግድግዳው ጋር ትቼው የምሄድ መሰለኝ። አባቴ ቀና አለና «መኪናው ይወጣል» አለ።

«መቼ?»

«ትምህርት ሳይከፈት።»

አክስቴ ሳቀች። «እሺ፣ ከወጣ ልጅህ ካንተው ጋ ትሁን። አንድ ማታ ዳገቱ ላይ ከቆመባችሁ ግን፣ እትዬ አልነገረችኝም እንዳትል፣ ሻንጣዋን እኔው ራሴ መጥቼ ነው የማሰናዳው።» ነገሩ በዚሁ ተቋጨ።

አባቴ በነጋታው አጎቴን ጠራው። አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ የጭነት መኪና መካኒክ። በሕይወቱ ቸኩሎ ስለማያውቅ ጋራዥ ውስጥ «ቶሎቶሎ» ይሉታል። ኮፈኑን ከፍቶ፣ ክንዱን ደገፍ አድርጎ፣ ሞተሩን እንደ ታማሚ ሲያዳምጠው ቆየ።

«ሞተሩ ጤነኛ ነው» አለ። «ያጠረው ትንፋሽ ነው። ቱርቦ እንግጠምለት።»

«እጄ ላይ ምንም የለም» አለ አባቴ። እውነቱን ነው፤ የእናቴ ሕመም ቤቱን አራቁቶት ነበር የሄደው።

«ከወዳደቀ ነገር እንሠራዋለን። አየህ፣ ይሄ ሞተር የሚተፋው ጭስ ዝም ብሎ በነፋስ ይሄዳል። ቱርቦ ማለት በአንድ ዘንግ ላይ የተቀመጡ ሁለት ትናንሽ መዘውሮች ናቸው። ጭሱ ሲወጣ አንደኛውን ያሽከረክረዋል። እሱ ሲዞር ሌላኛው ከውጭ አየር እየሳበ ሞተሩ ውስጥ በግድ ይጠቀጥቃል። አየር ከበዛለት ናፍጣውን ጨመር እናደርግለታለን። ያኔ ጉልበት ያገኛል።»

አባቴ ወደ ጭስ መውጫው ጎንበስ አለ። «የሚጣለው ነው የሚያግዘው?»

«የሚጣለው ነው።»

አባቴና አጎቴ የተጋጩ መኪኖች ወደሚበለቱበት ግቢ ሄደው ከአንድ ሚኒባስ ላይ የተፈታ ቱርቦ ይዘው መጡ። አጎቴ በኋላ እንዳጫወተኝ፣ ዘንጉን በጣቱ ይዞ እየነቀነቀ ሲፈትሸው ሻጩ «አዲስ ነው» አለው። «አውቃለሁ፣ ሲወለድ አዲስ ነበር» ብሎ መለሰለት። ከዚያ አክስቴ ግቢ ውስጥ ሥራው ተጀመረ። አጎቴ ከወፍራም ላሜራ ማገናኛ ቆርጦ ቱርቦውን ከጭስ መውጫው ጋር በየደው። የሞተሩን ዘይት የሚያመጣለት ቀጭን ቱቦ ዘረጋ፤ ዘይቱ የሚመለስበትንም ቀዳዳ ከታች ባለው ቋት ላይ በሳ። የቀረው አየሩን ወደ ሞተሩ የሚያደርስ ጠምዘዝ ያለ ወፍራም ቱቦ ነበር። ተፈለገ፣ ጠፋ፤ የሚገኘውም በዋጋው አይቀመስም።

አባቴ ወደ ቤት ወጣ። የብረት መጋዝ ድምፅ ሰምቼ ስሮጥ ከእናቴ ጋር ይተኙበት የነበረውን የብረት አልጋ ራስጌ እየቆረጠ ደረስኩ። ዙሪያው ክብ ሆኖ የታጠፈ ወፍራም ቱቦ ነበር፤ ልክ የሚፈልጉት። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም፤ እሱ ግን ቀና ብሎ አየኝና «አንድ ሰው ራስጌ ምን ያደርግለታል» አለ። አክስቴ ግን ለልብስ ደንበኞቿ «ወንድሜ የትዳር አልጋውን ቆርጦ መኪና ውስጥ ከተተው» እያለች ስታወራ ከረመች።

በሙከራው ዕለት ዳገቱን ጀመር እንዳደረግነው ከኮፈኑ ሥር «ዷ» አለና ሽማግሌው ቀጥ አለ። አባቴ ወርዶ ጎማዎቹን አንድ በአንድ አያቸው፤ የፈነዳው ግን ጎማ ሳይሆን የአልጋው ቱቦ የተያያዘበት ላስቲክ ነበር። አጎቴ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ብሎ የተሻለ ማጥበቂያ ፍለጋ ሄደ፤ እሱ መቼም ፍለጋ ከሄደ ያው ነው፣ በማግስቱ ተመለሰ። ያን ቀን ተሳካ። ከኮፈኑ ሥር ቀጭን ፉጨት ተነሣ፣ ወንበሩ ጀርባዬን ገፋ አደረገኝ፣ ድሮ ቀጥ ይልበት የነበረውን አቀበት ሽማግሌው ሳያስነጥስ አለፈው። ልየው ብላ ከስፌቷ ተነሥታ ከኋላችን መጫኛው ላይ የተቀመጠችው አክስቴ መቀሷን በእጇ እንደያዘች ቀርታ ነበር። አባቴ ሳቀ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ጥርሱን ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር።

ቤት ደርሰን አባቴ ቁልፉን ሊያዞር ሲል አጎቴ እጁን ያዘው።

«ተው፣ አታጥፋው። መዘውሩ አሁን እንደ ፍም ቀልቷል። ሞተሩ ከጠፋ ዘይቱ ይቆምና እዚያው ላይ ይቃጠላል፤ ከዚያ ቱርቦው ነክሶ መዞር ያቆማል። ዳገት ወጥተህ ስትደርስ ሁልጊዜ ሁለት ሦስት ወሬ እስክታወራ ይቆይ፣ ይብረድ።»

«ለሱ ሁለት ወሬ ዓመት ይፈጅበታል» አለች አክስቴ ከኋላ። «ናፍጣው ያልቃል።»

ልማዳችን ይሄ ሆነ። ከትምህርት በኋላ አክስቴ ቤት እቆያለሁ፤ አባቴ ሥራውን ጨርሶ ይመጣል፤ አክስቴ በሯ ላይ ቆማ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ዳገቱ ሥር ያለውን መታጠፊያ እስክናልፍ ትመለከተናለች። ደጃችን ስንደርስ ደግሞ ሞተሩ እስኪበርድ እንቀመጣለን።

መጀመሪያ ሰሞን ዝም ብለን ነበር የምንቀመጠው። ሞተሩ ይንተከተካል፣ መስታወቱ ይንቀጠቀጣል፣ አባቴ መሪውን በሁለት እጁ ይዞ የግቢያችንን በር ያያል። አንድ ቀን ግን ማንም ሳይጠይቀው፣ «ይሄን በር አረንጓዴ ካልቀባኸው ብላ እናትሽ ሳምንት ሙሉ አኩርፋኝ ነበር» አለ።

በሩ ሰማያዊ ነው። «ታዲያ ለምን ሰማያዊ ሆነ?» አልኩት።

«ሱቁ አረንጓዴ ጨርሶ። እሷ ግን ሆን ብዬ ነው የሚመስላት። እስከ መጨረሻውም አላመነችኝ።» ለብቻው ፈገግ አለና ሞተሩን አጠፋ። ቤት ከገባን በኋላ ያው ዝምተኛው አባቴ ሆነ፤ ወሬውን መኪናው ውስጥ ቆልፎበት የመጣ ይመስል ነበር።

ከዚያ በኋላ በየማታው ትንሽ ትንሽ ይነግረኝ ጀመር። ዓይኑን ከበሩ ላይ አይነቅልም፤ እኔን ቢያየኝ የሚያቆም ይመስለኛል። እናቴን ያገኛት ሸቀጥ የሚያወርድበት ሱቅ ተቀጥራ ስትሠራ ነው። አርፍዶ ሲደርስባት «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲሉ ሰምተህ ነው እንዴ እንዲህ የምትነዳው?» አለችው። እሱ መልስ አጣ። በሚቀጥለው ጊዜ መልሱን አዘጋጅቶ ሄደ፣ ግን ስታየው ጠፋበት። «ሳልመልስላት አገባኋት» አለኝ። በኋላ፣ አሥረኛ ክፍል ሆኜ፣ ሐኪሙ የነገረውን ለእናቴ መንገር አቅቶት እንደቀረ ነገረኝ። «ታውቅ ነበር መሰለኝ። እኔን እንዳይጨንቀኝ ብላ ነው ያልጠየቀችኝ።» ያን ቀን ሞተሩ ከወትሮው ብዙ ሠራ። ጎረቤታችን አጥሩ ላይ ብቅ ብሎ «ናፍጣ ረከሰ እንዴ?» አለን።

እኔም መናገር ተማርኩ። የሴት ልጅ ወግ የደረሰኝ ዕለት ለአክስቴ መንገር አፍሬ፣ ለእሱ ግን መስታወቱን እያየሁ ነገርኩት። ጆሮው ቀላ። በማግስቱ አልጋዬ ላይ ከመድኃኒት ቤት የመጣ ጥቅል አገኘሁ፤ ግራ ገብቶት ይመስላል የሁሉንም ዓይነት ገዝቶ ነበር።

አሥረኛ ክፍል ልገባ ስል በነበረው ክረምት አባቴ መንገድ ቀየረ። ከአክስቴ ቤት ወጥተን መታጠፊያውን ካለፍን በኋላ በዳገቱ ፈንታ በዚያው ዓመት ለጡብ ፋብሪካው ተብሎ በተጠረገው በኩል ዞሮ፣ ረጅሙንና አቀበት የማይበዛበትን መንገድ ይዞ ይወጣ ጀመር። «ዳገቱን ጎርፍ በልቶታል» አለኝ። ዳገቱ ሲጠገንም አልተመለስንም። ፉጨቱም የጠፋ መሰለኝ፤ ግን ጆሮዬ ለምዶት ነው አልኩ። መንገዱ ስለረዘመ ቅር አላለኝም። ደጃችን ስንደርስ እንደ ድሮው ሞተሩ እስኪበርድ እንቀመጥ ነበር፤ ትምህርቴን እስክጨርስና ለሥራ ከቤት እስክወጣ ድረስ አንድም ማታ ሞተሩ ሳይጠፋ ከሁለታችን ቀድሞ የወረደ የለም።

አክስቴ ካረፈች ቆይታለች። አባቴ መንዳት ካቆመ በኋላ ሽማግሌው ግቢ ውስጥ ቆሞ ሣር በቀለበት። ባለፈው ወር ብረት ገዢ ሊወስደው መጣ፤ አጎቴም የሚጠቅም ዕቃ ካለ ልይ ብሎ፣ በልማዱ አርፍዶ ደረሰ። ገዢው ኮፈኑን ከፍቶ ጎንበስ አለና «ይሄ ቱርቦ ለስሙ ነው እንዴ የተቀመጠው?» አለ።

ቀርቤ አየሁ። የአልጋው ቱቦ ከቱርቦው ተለይቶ በቀጥታ ከአየር ማጣሪያው ጋር ተበይዷል። አጎቴን አየሁት። አጎቴ ራሱን አከከ።

«በሁለተኛው ክረምት ነከሰ» አለኝ። «ሌላ የሚገዛበት አልነበረውም። እኔ ነኝ የዘጋሁት። ለአክስትሽ ትንፍሽ እንዳትል ብሎ አስምሎኝ ነበር።»

በሁለተኛው ክረምት። አሥረኛ ክፍል ሳልገባ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የነገረኝን ሁሉ አስታወስኩ፤ የሐኪሙን ወሬ፣ እኔ ስለመጀመሪያ ፍቅሬ እያለቀስኩ የነገርኩትን። ያን ሁሉ ማታ የሚበርድ ነገር አልነበረም።

አባቴ በረንዳው ላይ ተቀምጧል። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«አባዬ፣ ቱርቦው ከሞተ ቆይቷል አሉኝ።»

«አክስትሽ ብትሰማ ትወስድሽ ነበር» አለ፣ ሲጠብቀው የቆየ ጥያቄ ይመስል።

«እሱስ ገባኝ። በዙሪያ መንገድ የወሰድከኝ ለዚያ ነው። ደጃችን ላይ ግን ለምን ሞተሩን አታጠፋውም ነበር?»

አባቴ የግቢውን በር ያያል። እርጅና ዓይኑን ቢያደክመውም የሚያየው ወደዚያው ነው። ያን የመኪና ውስጥ ድምፁን አወጣው።

«ካጠፋሁትማ ትወርጃለሽ።»

እጁን ያዝኩት። ገዢው ከሽማግሌው አጠገብ ሆኖ «እንጫነው ወይ?» እያለ ተጣራ፣ ደግሞ ተጣራ። ሁለታችንም አልተነሣንም።