አንድ ጠብታ ሳሙና

አንድ ቦታ ብቻ፣ ከሦስት መቶ ሃያዎቹ የመፈተሻ ሳህን ጉድጓዶች ሦስት መቶ አሥራ ዘጠኙ ተይዘው አንዷ ቀርታለች፣ ስድስት ሰዓት ላይ ለሙከራ የሚላኩት ውህዶች ዝርዝር ይዘጋል፣ አሁን አምስት ሰዓት ከሃምሳ ነው፣ እጇ ማውሱ ላይ ደርቋል። አርባ ሺህ ውህድ ስታበጥር ሦስት ወር፣ መርዛማውን አውጪ፣ ውሃ ውስጥ የማይሟሟውን አውጪ፣ ከሚመሳሰሉት አንዱን ብቻ አስቀሪ፣ ለማንም አላዘነችም። አሁን የራሷ ተራ ደረሰ።

የራሷ። አራት ዓመት በእጇ የሠራችው ውህድ፣ በሽታውን የሚያባዛውን ፕሮቲን ቀጥ አድርጎ ያቆመ፣ ሽልማት ያሸለማት፣ አባቷ ጋዜጣውን ቆርጦ ከልብስ ስፌት መኪናው በላይ ለጥፎ ለመጣ ደንበኛ ሁሉ ልጄ ያገኘችው መድኃኒት የሚልለት፣ ኧረ አባዬ ገና ነው፣ መድኃኒት አይደለም፣ ይሁን ይሁን፣ ይላታል፣ ፋርማሲ መቼ ይገባል?

ትናንት ጠዋት ምን ነካት፣ ማን ሞክሪ አላት። አንድ ጠብታ ሳሙና። ደህና ውህድ ሳሙና አይፈራም፣ የሷ ግን ጠብታዋ ስትገባ ሥራውን አቆመ፣ ሦስት ጊዜ ደገመችው፣ ሦስቱንም ጊዜ ዜሮ። ለካስ ሳሙናው እስኪበትነው እንደ ጓጎለ ዱቄት እየተጠቀለለ ያገኘው ላይ ሁሉ ሲለጠፍ ነው የኖረው። ውሸታም። አራት ዓመት ውሸታም ስታሳድግ።

ብታስገባውስ፣ ሳሙናውን ያየ የለም። ግን ለቦታዋ የቀረ ሌላ አንድ አለ፣ ሽልማት የሌለው፣ ማንም ያልጮኸለት፣ ምናልባት በሽተኛ የሚያድነው እሱ ነው፣ ምናልባት። እሱ ከገባ ግን የሷ ፕሮጀክት አለቀለት፣ ወንበሯም አብሮ።

ለላቦራቶሪው ኃላፊ ትደውላለች፣ ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው፣ እሷን ያስተማሯት፣ ለሽልማቱ ያጯት እሳቸው ናቸው። ጋሼ፣ የኔን ላስቀረው ነው። ምነው ልጄ? ሳሙና ጨመርኩበት። እሳቸው ቀስ ብለው፣ እኔም አምና ጨምሬበት ነበር።

አምና። ሽልማቱ የዘንድሮ ነው። መድረክ ላይ ጋሼ ትከሻዋን አቅፎ ፎቶ ሲነሳ ያውቃል ማለት ነው፣ ሲያጨበጭብ ያውቃል፣ እሷ ቅዳሜና እሁድን እዚያ ወንበር ላይ ስትጨርስ እያየ ደህና ዋይ እያለ ያልፋል። ይግባ ተይው፣ ይላታል በዚያው በአባት ድምፅ፣ ስለ ሳሙና የሚጠይቅ የለም።

እኔ ጠይቄያለሁ።

ትዘጋበታለች፣ የሌላውን ውህድ ቁጥር ዝርዝሩ ላይ ትጽፋለች፣ ደግማ ታየዋለች፣ ትልካለች። አምስት ሰዓት ከሃምሳ ስምንት። ያቺን ጋዜጣ ከሱቁ ማን ያወርዳታል፣ አባዬን ሌላ ሰው ከሚነግረው እኔ ልንገረው፣ አሁን፣ ሳልፈራ፣ ፈርቼም ቢሆን። ትደውላለች።

የኔ ዶክተር፣ ይላል አባቷ ገና ሃሎ ሳትለው፣ ከድምፁ ጀርባ የስፌት መኪናው ይሰማል፣ ደንበኛ አለ፣ ደግሞ ሊያስተዋውቃት ነው።

አባዬ፣ ስፌቱን አንዴ አቁምልኝ።